«ከባድ ኪንታሮት» የሚል ካርድ

(ይህ በደሴ ከተማ ለሐኪሞች፣ ለነርሶችና ለካርድ ክፍል ሠራተኞች በተዘጋጀ የአንድ ቀን ውይይት ላይ ያደረግኩት ንግግር ነው። ከድምፅ ቅጂው ሲገለበጥ ከሳሌ በቀር ብዙ ነገር አላወጣሁም።)

እንደምን አደራችሁ! ሰላም አለይኩም! ከኮምቦልቻ በማለዳ ተነሥታችሁ ሐረጎን ለወጣችሁ፣ ከሐይቅና ከኩታበር ለመጣችሁ፣ እዚሁ ከሆጤና ከሮቢት በእግራችሁ ለደረሳችሁም ሁላችሁ እንኳን ደህና መጣችሁ። ቡናው ዘግይቷል፤ እየተቆላ ነው ተብያለሁ፤ ሽታው ከንግግሬ እንዳያስወጣችሁ እሰጋለሁ።

የንግግሬ ርእስ ሲነበብ ከኋላ ወንበር አካባቢ የሳቀ ሰው ሰምቻለሁ። አልቀየምም። ሳቁ። በዚህ በሽታ ላይ ሰው ወይ ይስቃል ወይ ይደብቃል፤ ሁለቱም ካርዱ ላይ የሚያመጡት ጣጣ አለ፤ እደርስበታለሁ።

እኔ ሐኪም አይደለሁም። የካርድ ክፍል ሰው ነኝ። ከ1992 ዓ.ም. ጀምሮ በዚህ አካባቢ ጤና ተቋማት ካርድ ስፈልግ፣ ካርድ ስመልስ፣ ሐኪም የጻፈውን ወደ ኮድ ስለውጥ ኖሬያለሁ። ጓንት አጥልቄ በሽተኛ መርምሬ አላውቅም። የማውቀው ወረቀቱን ነው። ስለዚህ ዛሬ የምናገረው ስለ በሽታው ሳይሆን ስለ በሽታው እናንተ ስለምትጽፉት ነው። ሦስት ነጥብ ይዤ መጥቻለሁ፤ አንደኛው ቃሉ፣ ሁለተኛው ደረጃው፣ ሦስተኛው አብሮት የሚመጣው። ከመስመር ብወጣ ታገሡኝ፤ ካርድ ክፍል ያረጀ ሰው ወሬ ያበዛል።

ከቃሉ ልጀምር። ኪንታሮት ምንድን ነው? እስኪ አንድ ሰው ይመልስልኝ። ሲስተር «ፊንጢጣ ላይ የሚያብጥ የደም ሥር ነው» አሉ። ልክ ነው። ታዲያ ልጆቻችን ጣታቸው ላይ የሚያወጡት ጠጠር የመሰለውስ ምን ይባላል? እሱም ኪንታሮት! በአማርኛችን ሁለቱም በአንድ ስም ይጠራሉ። ለእያንዳንዱ በሽታ ኮድ በሚሰጠው ዓለም አቀፍ የምደባ መጽሐፍ ግን ጎረቤታሞች እንኳን አይደሉም። የጣቱ ኪንታሮት ቢ07 ነው፤ በቫይረስ የሚመጣ ነው። በመራቢያ አካልና በፊንጢጣ ዙሪያ የሚወጣው ደግሞ ኤ63.0 ነው፤ እሱም በቫይረስ የሚመጣ፣ በአብዛኛው በግብረ ሥጋ የሚተላለፍ ነው። የደም ሥሩ እብጠት ግን ኬ64 ነው።

አሁን እናንተ እኔን ሁኑ። ከፊታችሁ ካርድ አለ፤ የተጻፈው «ኪንታሮት፣ ፊንጢጣ ላይ» ብቻ ነው። የትኛው ነው? አንድ የተከበሩ የሃይማኖት አባት በደም ሥር እብጠት መጥተው እኔ ኤ63.0 ብሰጣቸው ምን አደረግኩ ማለት ነው? በአንዲት ፊደልና በሦስት ቁጥር አባለዘር በሽታ ለጠፍኩባቸው። እሳቸው አያውቁም፤ ሚስታቸውም አያውቁም፤ ወረቀቱ ግን ያውቃል። ስለዚህ በአማርኛ ስትጽፉ «የፊንጢጣ ደም ሥር ኪንታሮት» በሉ። ሁለት ቃል ብትጨምሩ ምን ትጎዳላችሁ?

ስለ መጽሐፉ ከተነሣ አይቀር፣ ይህ በሽታ ቤት ቀይሯል። በአሥረኛው ዓለም አቀፍ የበሽታዎች ምደባ መጀመሪያ የተቀመጠው ከልብና ከደም ሥር በሽታዎች ጋር፣ አይ84 ተብሎ ነበር። በ2010 እ.ኤ.አ. እትም የዓለም ጤና ድርጅት ወደ ምግብ መፍጫ አካላት ምዕራፍ አምጥቶ ኬ64 አደረገው። ከጥር 2022 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሥራ ላይ በዋለው በአሥራ አንደኛው ደግሞ ዲቢ60 ነው። በኮምፒውተሩ አጠገብ የተለጠፈ፣ ጠርዙ የተበላ፣ አይ84 የሚል አሮጌ ዝርዝር ያላችሁ ቤታችሁ ስትመለሱ አንሡት። አለ እኮ! አይቻለሁ።

ወደ ሁለተኛው ነጥብ ልሂድ፤ የመጣሁትም ለእሱ ነው። «ከባድ» የሚለው ቃል።

ከዓመታት በፊት በምሠራበት ተቋም «ከባድ ኪንታሮት» የሚል ካርድ ይዤ ወደ አንድ ሐኪም ገባሁ። «ዶክተር፣ ስንተኛ ደረጃ ነው?» አልኳቸው።

«ከባድ ነው አልኩህ እኮ» አሉኝ።

«ከባድ የሚል ኮድ የለኝም።»

«ታዲያ በጣም ከባድ በለው!»

ሳቁ፤ እኔም ስቄያለሁ። ግን ካርዱን ይዤ ወጥቼ የሰጠሁት ኮድ ኬ64.9 ነው። ኬ64.9 ማለት «ያልተገለጸ» ማለት ነው። ያ ሰው ከወረኢሉ መጥቶ፣ ሆቴል አድሮ፣ ሱሪውን አውልቆ፣ ተመርምሮ፣ ውጤቱ «ያልተገለጸ» ሆነ። ከሐኪሙ ዘንድ ተገልጿል፤ ዐይናቸው አይቷል፤ ጣታቸው ነክቷል። ወረቀቱ ላይ ሲደርስ ግን ጠፋ።

መጽሐፉ የሚጠይቀው «ምን ያህል ያሠቃያል?» ብሎ አይደለም። የሚጠይቀው «ይወጣል ወይ? ሲወጣስ እንዴት ይመለሳል?» ብሎ ነው። ቢደማም ወደ ውጭ የማይወጣ ከሆነ አንደኛ ደረጃ፣ ኬ64.0 ነው። ሲያምጥ ወጥቶ በራሱ ከተመለሰ ሁለተኛ ደረጃ፣ ኬ64.1። ወጥቶ ሰውየው በጣቱ ገፍቶ የሚመልሰው ከሆነ ሦስተኛ፣ ኬ64.2። በጣትም አልመለስ ካለ አራተኛ፣ ኬ64.3። በቃ! አያችሁ ደም የሚባለው ነገር ደረጃውን አይወስንም። አንደኛ ደረጃ ሆኖ ሽንት ቤቱን በደም የሚያለብስ አለ፤ አራተኛ ሆኖ ጠብታ የማያሳይ አለ። በሽተኛው ደሙን አይቶ ደንግጦ «ከባድ ነው» ይላችኋል፤ እናንተ ደግሞ የእሱን ድንጋጤ ትጽፋላችሁ።

ሕመምም እንደዚያው ነው። የውስጡ ኪንታሮት በተፈጥሮው ብዙ አያምም። በድንገት በጣም አመመኝ፣ መቀመጥ አቃተኝ የሚል ሰው ከመጣ ነገሩ ሌላ ሊሆን ይችላል፦ በፊንጢጣ ጠርዝ ያለ ደም ሥር ውስጥ ደም ረግቶ እንደሆነ ኬ64.5፣ ስንጥቅ እንደሆነ ኬ60፣ መግል እንደሆነ ኬ61 ነው። ይህን ለሐኪም ማስተማሬ አይደለም፤ «ከባድ» የምትለው አንዲት ቃል ስንቱን በአንድ ጆንያ እንደምትከት ለማሳየት ነው።

አንድ ነገር ልጨምር፤ በራሴ ላይ ነው፤ ሳቁብኝ። ካርድ ክፍል በገባሁ በመጀመሪያው ዓመት አንድ ማስታወሻ አነበብኩ፤ «በ3፣ በ7 እና በ11 ሰዓት ኪንታሮት ታይቷል» ይላል። እኔ ምን አደረግኩ? የምርመራ ሰዓት መስሎኝ «በቀን ሦስት ጊዜ የታየ» ብዬ መዝገብ ላይ አሰፈርኩ! ሰውየው ጠዋት በሦስት ሰዓት፣ ከሰዓት በኋላ በሰባት ሰዓት፣ አመሻሽ ላይ በአሥራ አንድ ሰዓት ሲታይ የዋለ መስሎኝ «ምን ዓይነት ትጉህ ሐኪም ነው» ብዬ አድንቄያለሁ። በኋላ አንዲት ሲስተር ጠሩኝና «ልጄ፣ ይህ የግድግዳ ሰዓት መልክ ነው፤ በሽተኛው በጀርባው ሲተኛ እብጠቱ በየት በኩል እንዳለ ነው የሚናገረው» አሉኝ። በእኛ አገር ደግሞ ነገሩ ይብሳል፤ ሰዓቱ ዘጠኝ ላይ ቆሞ እያየነው «ሦስት ሰዓት ነው» የምንል ሰዎች ነን። ስለዚህ እባካችሁ «በሰዓት አቅጣጫ በ3፣ በ7፣ በ11፤ በጀርባ ተኝቶ» ብላችሁ ጻፉት። በሆዱ የተኛን ሰው ከመረመራችሁ ሰዓቱ ይገለበጣል።

አሁን አንድ ማስታወሻ ላንብብላችሁ። በቅርቡ አንድ ወጣት ሐኪም የጻፈው ነው፤ በሽተኛውን የሚያሳውቅ ነገር አውጥቼበታለሁ። «ሲጸዳዳ ደማቅ ቀይ ደም፣ ሁለት ዓመት። ሲያምጥ ይወጣል፤ በጣቱ ይመልሰዋል። ሕመም የለውም። የሰገራ ቅጥነት ወይም የክብደት መቀነስ የለም። በጣት ምርመራ እብጠት ወይም ጠጣር ነገር አልተነካም። በፕሮክቶስኮፕ (ፊንጢጣን ከውስጥ ማያ መሣሪያ) የውስጥ ኪንታሮት በ3፣ በ7 እና በ11፣ በጀርባ ተኝቶ። ሄሞግሎቢን 8.1። ምርመራ፦ ሦስተኛ ደረጃ የውስጥ ኪንታሮት፤ ከሱ በመጣ ሥር የሰደደ የደም መፍሰስ የተነሣ የብረት እጥረት ደም ማነስ።» ስንት መስመር ነው? ስድስት! ለእኔ ይህ ዝማሬ ነው። ኬ64.2 እና ዲ50.0፤ ሐኪም ፍለጋ ኮሪደር ለኮሪደር አልዞርኩም።

«በጣቱ ይመልሰዋል» የምትለዋን ልብ በሉ። ይህችን በሽተኛው በራሱ አይናገራትም። ትጠየቃለች። ማን ነው ከሜዳ ተነሥቶ «ዶክተር፣ እኔ በጣቴ እገፋዋለሁ» የሚል? እኔ ብያለሁ ወይ? አላልኩም! ይህን ልንገራችሁ፤ ባለቤቴም ልጆቼም ስለሚያውቁት አላፍርም፤ ያኔ ግን አፍሬ ነበር።

እኔ ራሴ ይህ በሽታ ነበረብኝ። ቀኑን ሙሉ በእንጨት ወንበር የሚቀመጥ ሰው፣ ውሃ መጠጣት የሚረሳ ሰው፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ለጨዋታ ከተቀመጠ የማይነሣ ሰው ነበርኩ። ደም ማየት ስጀምር ለማን ልንገር? የምሠራበት ቦታ ካርድ ላወጣ ነው? ካርዴን የሚያወጡት እነማን ናቸው? የገዛ ባልደረቦቼ! ኮዱን የሚሰጠውስ? እኔ! ስለዚህ አንድ ቀን ፈቃድ ወስጄ በሚኒባስ ወደ ኮምቦልቻ ወረድኩ። የሐረጎን ጠመዝማዛ በአንድ ጎኔ ተቀምጬ ነው የወረድኩት፤ አጠገቤ የነበሩ እናት «አብሽር፣ የኔ ልጅ፣ መንገዱ ያስፈራል አይደል?» አሉኝ። መንገዱን የፈራሁ መስሏቸዋል።

ኮምቦልቻ ደረስኩ፤ ሞቀኝ፤ ጃኬቴን አወለቅኩ። ካርድ አወጣሁ። የተመደበችልኝ ጤና ባለሙያ የእኔን የመጀመሪያ ልጅ የምታክል ወጣት ናት። «ምን ሆኑ አባባ?» አለችኝ። አባባ! ያኔ አርባ እንኳን አልሞላኝም። አየኋት፤ ላቤ ወረደ፤ «ሆዴን» አልኩ። «ያቃጥልዎታል?» «አዎ።» «ምግብ ሲበሉ?» «አዎ።» የጠየቀችኝን ሁሉ አዎ አልኩ። ጨጓራ ተባልኩ፤ መድኃኒት ተሰጠኝ፤ ወጣሁ። ልጅቷ ምን አጠፋች? ምንም። የነገርኳትን ጻፈች።

ጨዋታው ገና ነው። ከተወሰነ ጊዜ በኋላ ለመረጃ ጥራት ፍተሻ ወደዚያው ተቋም ተላክሁ። ሥራውን ታውቁታላችሁ፤ ወር በ20 ከተዘጋ በኋላ ሪፖርቱ ከመዝገቡ፣ መዝገቡ ከካርዱ ይመሳሰል እንደሆነ በዕጣ ካርድ እየወጣ ይታያል። ካርዶቹ በዕጣ ወጡ። ሦስተኛው ካርድ ሲከፈት ስሙን አነበብኩ። የእኔ ነው! «ጨጓራ» ይላል። መዝገቡን ገለጥኩ፤ «ጨጓራ» ይላል። ኬ29። ሪፖርቱም ላይ ተቆጥሯል። ካርድ፣ መዝገብ፣ ሪፖርት፤ ሦስቱም አንድ ናቸው። ቅጹ ላይ «ተመሳስሏል» ብዬ ምልክት አደረግኩ። ሌላ ምን ላድርግ? በዚያ ወር የኮምቦልቻ መረጃ መቶ በመቶ ትክክል ነበር፤ ከእኔ ውሸት በቀር።

እኔ ከዚያ በኋላ ሦስት ዓመት ቆይቼ፣ በጣት የሚመለስ ሆኖ፣ ኦፕራሲዮን ተደረግኩ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ሲባል እየሰማ ያደገ ሰው ነኝ እንግዲህ። በየግንቡ ላይ «ኪንታሮት ያለ ኦፕራሲዮን እናድናለን» የሚለውን ጽሑፍ ቆሜ ያነበብኩበት ቀን እንኳን ነበር። ሰው ለምን እዚያ ይሄዳል? ስሙን ስለማይጠየቅ ነው። ካርድ ስለሌለው ነው። የሚያቃጥል ነገር ተቀብቶ፣ ፊንጢጣው ጠቦ፣ ኬ62.4 ሆኖ ወደ እናንተ ይመጣል። ያን ጊዜ አትቆጡት፤ ምን እንደተቀባ ጠይቁና ጻፉ። በርም ዝጉ። በሩ ተከፍቶ፣ ሰው ተሰልፎ እያየ፣ «ሱሪዎን ዝቅ ያድርጉ» የሚባልበት ክፍል ውስጥ እውነተኛ ታሪክ አይገኝም።

ሦስተኛው ነጥቤ አብሮት የሚመጣው ነበር። ግማሹን ተናግሬዋለሁ። የደም ማነሱን ለብቻው ጻፉ፤ መጽሐፉ ውስጥ የሚደማ ኪንታሮት የራሱ ቁጥር ስለሌለው፣ ሰውየው ምን ያህል ደም እንዳጣ የሚናገርለት የደም ማነሱ ኮድ ብቻ ነው። በዝግታ እየደማ ከሆነ ዲ50.0፣ በድንገት ብዙ ፈስሶ ከሆነ ዲ62። ነፍሰ ጡር ከሆነች ወደ ኬ አትሂዱ፤ ኦ22.4 ነው፤ ከወለደች በኋላ በአራስነት ከሆነ ኦ87.2። ይህ የእናቶች ክፍል ሲስተሮች ጉዳይ ስለሆነ እዚህ አልቆይም።

ስለ መድህንም አንድ ቃል። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድህን በ2003 ዓ.ም. ለሙከራ ሲጀመር ከተመረጡት 13 ወረዳዎች አንዷ የእኛው ተሁለደሬ ናት፤ ስለዚህ ይህን ወረቀት ከማንም በፊት ነው የለመድነው። ሒሳቡን የሚመረምረው ሰው ካርዱን ያወጣል፤ «ኪንታሮት» ይላል፤ ከሥሩ ኦፕራሲዮን ተደርጓል። «ለምን ኦፕራሲዮን?» ቢል ፍርዱ ነው። አንደኛ ደረጃ ኪንታሮት በምግብ፣ በውሃና ለብ ባለ ውሃ በመዘፍዘፍ የሚታገሡት ነው። ሦስተኛ ወይም አራተኛ ደረጃ ብላችሁ ብትጽፉ ኖሮ ጥያቄው አይነሣም ነበር።

አሁን ግን ልነግራችሁ ያልፈለግኩትን ልንገራችሁ። «በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» እንላለን። እውነት ነው። የሚወረሰው ግን ስሕተትም ጭምር ነው።

አንድ አባት ነበሩ፤ ከአምባሰል በኩል የሚመጡ ገበሬ። መጀመሪያ ሲመጡ «ኪንታሮት» ተጻፈ። ቅባት ተሰጣቸው። በወራቸው ተመለሱ፤ «ከባድ ኪንታሮት» ተጻፈ። ሦስተኛ ጊዜ መጡ፤ «የታወቀ የኪንታሮት ሕመምተኛ» ተጻፈ። የታወቀ! ማን ነው ያወቀው? የሦስተኛው ሐኪም ከሁለተኛው ጽሑፍ ወረሰ፤ ሁለተኛው ከመጀመሪያው፤ የመጀመሪያው ደግሞ ከአባታችን አፍ። «ኪንታሮት ነው መሰለኝ» ብለው ነበር የገቡት። በሦስቱም ገጽ ላይ «በጣት ተመረመረ» የሚል መስመር የለም። እኔም ሦስቱን ጊዜ ኬ64.9 ሰጠሁ። ኮድ የሚሰጥ ሰው ያልተጻፈን አይጨምርም፤ ደንቡ ነው፤ ግን ካርዱን ይዤ ሄጄ «ዶክተር፣ ምርመራው የታለ?» ማለት እችል ነበር። አላልኩም። ሰልፍ ነበር፤ ወሩ እየተዘጋ ነበር።

በአራተኛው አንዲት ተረኛ ሐኪም ካርዱን አላመነችም። ጓንት አጠለቀች። ጣቷ የደረሰበት ቦታ ላይ ጠጣር ነገር ነበር። ናሙናው ተልኮ ሲመለስ ሲ20 ሆነ፤ የሬክተም፣ ማለትም ከፊንጢጣ በላይ ያለው የአንጀት ጫፍ ካንሰር። ኪንታሮትም ነበረባቸው እኮ! ሁለቱም አብረው ነበሩ። ኪንታሮት መኖሩ ሌላ ነገር አለመኖሩን አያሳይም።

አባታችን ውጤቱን ይዘው ወደ መስኮቴ መጡ። መነጽር ስላልነበራቸው አንብብልኝ አሉ። ዶክተሯ ነግራቸው ነበር፤ ግን ወረቀቱ ምን እንደሚል ሊሰሙ ፈለጉ። የምችለውን ያህል ተናገርኩ። ዝም ብለው ቆዩና «ልጄ፣ ያኛው ወረቀትስ እንዲህ አይልም ነበር?» አሉኝ። አሮጌውን ካርድ ገልጬ አሳየኋቸው። የእኔ እጅ ጽሑፍ፣ ሦስት ጊዜ፣ በቀይ እስክሪብቶ።

በ2014 ዓ.ም. በጦርነቱ ጊዜ የአካባቢያችን ጤና ተቋማት ሲዘረፉ ስንት ካርድ እንደተበተነ ታስታውሳላችሁ። ከዚያ በኋላ ሰው ያለ ወረቀት ይመጣ ነበር፤ «ምን ተብለው ነበር?» ስንላቸው «ኪንታሮት» ይላሉ፤ እኛም አዲሱ ካርድ ላይ እንጽፋለን። እንዲህ ሆኖ ቀድሞ የተወረሰው ቃል ወረቀቱ ጠፍቶም ከሰው አፍ ላይ ተርፎ ተመለሰ። ዛሬ በእጃችሁ ባሉት ካርዶች ውስጥ «የታወቀ» የሚል ካገኛችሁ ማን እንዳወቀው ፈልጉ። ካጣችሁት፣ እባካችሁ፣ ከመጀመሪያው ጀምሩ። እንደ አዲስ በሽተኛ ጠይቁ፤ እንደ አዲስ በሽተኛ መርምሩ፤ ምን እንደነካችሁ ጻፉ፤ ምንም ካልነካችሁም «አልተነካም» ብላችሁ ጻፉ። ባዶ ቦታ ለእኔ ምንም አይነግረኝም፤ «አልተነካም» ግን ብዙ ይነግረኛል።

ቡናው ደርሷል፤ ይሸተኛል። ከመጠጣታችን በፊት ግን ጠረጴዛችሁ ላይ አንድ አንድ ወረቀት ተቀምጧል፤ ግለጡት። የካርድ ቅጂ ነው። ስሙ ተሰርዟል፤ ቢሆንም የማን እንደሆነ አሁን ሳታውቁት አትቀሩም። «የሆድ ቃጠሎ። ጨጓራ። መድኃኒት ተሰጠ።» ይላል። ሥራችሁ ይህ ነው፤ ሁለት ሁለት ሁኑ፤ አንዱ እኔን ይሁን፣ ላብ እያጠመቀው «ሆዴን» የሚለውን ሰውዬ። ሌላው ባለሙያ ይሁን። ምን ብትጠይቁኝ ኖሮ ኬ64.2 ትደርሱ እንደነበር ጻፉ። እስክሪብቶ ያለው ለሌለው ያውስ። በሩን ዝጉልኝ።